ስልክ የአትሌትን ልብ ያረጋጋል ወይ? ስለ አእምሮ ዝግጁነት አፖች ማወቅ ያለብን

የዛሬው ጉዳያችን ፖለቲካ አይደለም፤ ግን ቤታችን ድረስ የገባ ጉዳይ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም በሌላውም አገር ልጆቻችን እግር ኳስ ይጫወታሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዋኛሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አሠልጣኙ «ይሄን አፕ ጫኑ» ማለት ጀምሯል። ልጁ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ ስልኩን አንስቶ «ትናንት እንዴት ተኛህ? ዛሬ ስሜትህ እንዴት ነው?» ለሚል ጥያቄ ቁጥር ይሞላል። ማታ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። እኛ ወላጆች በሩ ላይ ሆነን ስናየው «ይሄ ልጅ ደግሞ ስልክ ላይ ተጣደ» እንላለን።

እውነት ተጥዶ ነው ወይስ እየሠለጠነ? አፖቹ ይጠቅማሉ ወይ? ስለ ልጁ ስሜት የተሞላው ዳታስ የት ይሄዳል? ዛሬ አንድ በአንድ እናየዋለን። እኔ ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም፤ በይፋ የታወቀውን አንብቤና አገናዝቤ ነው የማቀርብላችሁ። ዋናውን ሐሳብ ግን ከጅምሩ ልናገር፦ አፕ የሚጠቅመው አትሌቱ እውነቱን ሲሞላበት ነው፤ አትሌቱ እውነቱን የሚሞላው ደግሞ እውነት በመናገሩ እንደማይጎዳ ሲያውቅ ነው። ከታች የጠቀስኳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአእምሮ ዝግጁነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ሰው «የአእምሮ ዝግጁነት» ሲባል ወኔ ብቻ ይመስለዋል። ወኔ አንዱ ክፍል ነው። ጠቅለል አድርገን ብናየው ግን አራት ነገሮች አሉበት፦ ትኩረትን በሚፈለገው ነገር ላይ ማቆየት፣ የሰውነትን መነቃቃት መቆጣጠር፣ ስህተት ሲያጋጥም ቶሎ ወደ ጨዋታው መመለስ፣ እንዲሁም በቂ እረፍት አግኝቶ ለሥራው ፍላጎት ይዞ መነሳት።

ከቤታችን ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ በማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ በእሱ ቦታ ገባ። ኦገስት 10 ቀን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ወርቅ ነው። በልቡ የነበረውን እሱ ያውቃል። ከውጭ የምናየው ግን ይሄን ነው፦ መሮጡን ሳያውቅ እንደሚሮጥ ሰው ተዘጋጅቶ ቆየ።

ስለ መነቃቃት ደግሞ የቆየ ትምህርት አለ። በ1908 የርክስ እና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ሥራው ከበድ ሲል ማነቃቂያው ሲያንስም ሲበዛም አይጦቹ በደንብ አልተማሩም፤ መካከለኛው ነው የተሻለው። ነገሩ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስም አይበላም፣ ሲበዛም አይበላም። አንዱ ልጅ ከውድድር በፊት ሙዚቃ ከፍቶ መሞቅ ይፈልጋል፤ ሌላው ቀድሞውኑ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ መቀዝቀዝ አለበት። ለሁለቱም አንድ አፕ፣ አንድ ልምምድ መስጠት ትክክል አይሆንም።

አንድ ነገር እንለይ። የአእምሮ ዝግጁነት እና የአእምሮ ጤና ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ከፍጹም ቅጣት ምት በፊት ልብ ቢመታ በሽታ አይደለም፤ ልምምድ ይፈታዋል። ለሳምንታት ከአልጋ መነሳት ያቃተው ልጅ ግን የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። አፕ ለመጀመሪያው ሊረዳ ይችላል። ለሁለተኛው ብቻውን አይበቃም።

ጉዳዩ እንዴት ወደ ስልክ መጣ?

ለብዙ ዘመን በስፖርቱ ዓለም ጭንቀት ማውራት ነውር ነበር። ያንን ከሰበሩት አንዱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኬቨን ላቭ ነው። በኖቬምበር 2017 ጨዋታ መሃል ትንፋሽ አጥሮት፣ ልቡ ሊወጣ ደርሶ ከሜዳ ወጣ። በማርች 2018 ይሄን በራሱ ጽሑፍ ለሕዝብ ተናገረ። 28 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያለው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስም የድብርት ታሪኩን በአደባባይ አወራ፤ በ2018 ቶክስፔስ ከሚባለው በስልክ ከሕክምና ባለሙያ ጋር ከሚያገናኝ ድርጅት ጋር አብሮ መሥራት ጀመረ።

በ2021 ደግሞ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተከታተሉ። ኔዖሚ ኦሳካ በፈረንሳይ ኦፕን ለአእምሮዋ ጤና ስትል ጋዜጣዊ መግለጫ አልሰጥም አለች፤ 15 ሺህ ዶላር ተቀጣች፤ ከዚያ ውድድሩን ጥላ ወጣች። ካልም የተባለው የሜዲቴሽን አፕ ድርጅት በዚያ ዓመት በዚሁ ምክንያት መግለጫ ለሚተዉ የታላላቅ ውድድር ተጫዋቾች ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ አለ። ማስታወቂያም ነው፣ ድጋፍም ነው፤ ሁለቱም መሆኑን ማየት ጥሩ ነው። ያው በጋው ላይ ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ አየር ላይ ሆና አካሏ የት እንዳለ መለየት አቃታትና ከቡድን ፍጻሜው ወጣች። «ፈራች» ያሉ ነበሩ። በ2024 ፓሪስ ላይ ተመልሳ 3 ወርቅና 1 ብር ወሰደች። ያን ጊዜ ማቆሟ አንገቷን ሳይቀጥፍ፣ ሥራዋንም ሳያጠፋ አዳናት ማለት ይቻላል።

ድርጅቶችም ተንቀሳቀሱ። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ በ2018 ሄድስፔስ ከተባለው አፕ ጋር ተስማማ። ሌብሮን ጄምስ በ2019 ከካልም ጋር መሥራት ጀመረ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2019 ስለ አትሌቶች የአእምሮ ጤና የባለሙያዎች የጋራ አቋም አወጣ፤ ኋላም የስፖርት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የመመርመሪያ መጠይቅ አዘጋጀ። ከላይ የተጀመረው ነገር ቀስ እያለ ወርዶ የልጃችን ትምህርት ቤት ደርሷል ማለት ነው።

አፖቹ በአራት ይከፈላሉ

አንደኛ፦ የትንፋሽ፣ የሜዲቴሽንና የምናብ ልምምድ አፖች። ሄድስፔስና ካልም እዚህ ይመደባሉ። በናይኪ የሩጫ አፕ ውስጥም ከሄድስፔስ ጋር የተዘጋጁ፣ እየሮጡ የሚደመጡ ልምምዶች አሉ። ሥራቸው ቀላል ነው፦ አንድ ድምፅ ትንፋሻችሁን፣ ሰውነታችሁን፣ ሐሳባችሁን እንድታስተውሉ ይመራችኋል።

በጣም የሚጠቅመው የትንፋሹ ክፍል ነው። በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ማውረድ፣ ለምሳሌ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ፣ የልብ ምትን የሚያረግበውን የሰውነት ሥርዓት ያነቃቃል። ትንፋሽ ስናወጣ ልባችን ዘገም ይላል፤ ስናስገባ ፈጠን ይላል። ማውጫውን ማርዘም ለዚህ ነው። ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ አፕም አያስፈልገውም።

የምናብ ልምምድ ደግሞ ውድድሩን ዓይን ጨፍኖ መሮጥ ነው። «አሸንፌ ሜዳሊያ አጠለቅሁ» ብሎ ማለም አይደለም። የሜዳውን ሣር፣ የጫማውን ስሜት፣ የተመልካቹን ጩኸት፣ በ3ኛው ዙር እግር ሲከብድ የሚደረገውን ነገር በትክክለኛው ፍጥነቱ ማየት ነው። ጥሩ አፕ በዝርዝር ይመራል፤ ደካማው «ታላቅ ነህ» እያለ ያባብላል።

አንዳንድ ወገኖች «ይሄ የቡድሂስቶች ጸሎት አይደለም ወይ?» ሲሉ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሄድስፔስ መሥራች አንዲ ፑዲኮምብ የቀድሞ የቡድሃ መነኩሴ ነው፤ ድርጅቱን በ2010 ከአንድ ባልደረባው ጋር አቋቋመ። የልምምዱ ሥር ከዚያ ይመጣል። አፑ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው ያለ ሃይማኖት የተዘጋጀ ነው። ሕሊናው ያልተቀበለው ሰው ትንፋሹን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው ይችላል፤ ትንፋሽ የማንም ሃይማኖት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ዕለታዊ መጠይቅ። አሠልጣኞች በብዛት የሚጠቀሙት ይሄን ነው። ልጁ ስለ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የጡንቻ ሕመም፣ ጭንቀትና ስሜት ቁጥር ይሰጣል። ከልምምድ በኋላ ደግሞ «ምን ያህል ከበደህ?» ተብሎ ከ10 ይጠየቃል። አሠልጣኙ ያንን ቁጥር በደቂቃው ያባዛዋል፤ 60 ደቂቃ የሠራ ልጅ «7» ካለ ጫናው 420 ነው። ያው 60 ደቂቃ ሌላውን ልጅ «4» ካሰኘው 240 ነው። አንድ ልምምድ ለሁለት ልጆች አንድ እንዳልሆነ በዚህ ይታያል።

ይሄ ቀላል ነገር ይንቃል የሚመስለው ካለ ስሙ። በ2016 በብሪታኒያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ዳሰሳ 56 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። አትሌቱ ራሱ የሚናገረው ስሜት የልምምድን ጫና ከደምና ከልብ ምት መለኪያዎች በተሻለ እንደሚያሳይ አገኘ። እንግዲህ በሺህ የሚገመት ዶላር ከወጣበት መሣሪያ ይልቅ «ዛሬ እንዴት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያውቃል ማለት ነው፤ መልሱ እውነት ከሆነ።

ሦስተኛ፦ ልብንና እንቅልፍን የሚለኩ። ዉፕ የሚባለው አምባር፣ ኦራ የሚባለው ቀለበት፣ የእጅ ሰዓቶች ሁሉ እዚህ ናቸው። ከሚለኩት ዋናው በሁለት የልብ ምቶች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል አይመታም፤ አንዴ ጠበብ፣ አንዴ ሰፋ ይላል። ሰውነት ሲያርፍ ይሄ መለዋወጥ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ በድካም፣ በሕመም፣ በመጠጥ፣ በጭንቀት ይቀንሳል። ኤችአርቪ ፎር ትሬኒንግ የተባለው አፕ ያለ ምንም ሌላ መሣሪያ ጣትን የስልክ ካሜራ ላይ በማድረግ ብቻ ይለካል፤ መብራቱ ጣት ውስጥ የሚያልፈውን ደም ያበራል፣ ካሜራው የቀለሙን መለዋወጥ ይቆጥራል።

ማስተዋል ያለብን ሁለት ነገር አለ። ቁጥሩ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ልጅን ከጓደኛው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፤ ከራሱ የሳምንታት አማካይ ጋር ብቻ ነው የሚወዳደረው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ መቀነሱን ይነግራል እንጂ ለምን እንደቀነሰ አይነግርም። ፈተና ይሁን፣ ጉንፋን ይሁን፣ ቤት ውስጥ ጠብ ይሁን ሰዓቱ አያውቅም።

ስለ እንቅልፍ የሚጠቀስ ጥናት አለ። በ2011 የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ከ5 እስከ 7 ሳምንት በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ አደረገ። የነፃ ውርወራቸው ስኬት በ9 በመቶ ጨመረ፣ ሩጫቸውም ፈጠነ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚወዳደራቸው ሌላ ቡድንም አልነበረም፤ ስለዚህ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን አስቡት፤ የተሻሻሉት በመተኛት እንጂ በአፕ አልነበረም። እንዲያውም የእንቅልፍ ቁጥሬ አነሰ ብለው በመጨነቅ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ስለበዙ ተመራማሪዎች በ2017 ለዚህ ችግር ኦርቶሶምኒያ የሚል ስም አውጥተውለታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

አራተኛ፦ ከባለሙያ ጋር የሚያገናኙ። ቶክስፔስና ቤተርሄልፕ ከሚታወቁት ናቸው። እዚህ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ነው። ለሚርቀው፣ መኪና ለሌለው፣ ሰው እንዳያየው ለሚፈራ ልጅ ትልቅ በር ይከፍታሉ። መጠየቅ ያለበት ግን ባለሙያው ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ በምትኖሩበት ግዛት ወይም አገር መሥራት መቻሉን፣ ከስፖርተኛ ጋር ልምድ እንዳለው ነው።

ስለ ክፍያም አንድ ቃል። ብዙዎቹ አፖች በነፃ ያስሞክራሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ በራሳቸው ከካርዱ መቁረጥ ይጀምራሉ። ስትመዘገቡ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የልጁን ትምህርት ቤት ወይም ክለብ ጠይቁ፤ ተቋሙ ከፍሎለት ልጁ በነፃ የሚጠቀምበት ጊዜ አለ።

ዋናው ጥያቄ፦ ቁጥሩን ማን ያየዋል?

አሁን መጀመሪያ ወዳልኳችሁ ነገር እንምጣ። አንድ ልጅ ሰኞ ጠዋት «እንቅልፍ 2፣ ስሜት 2» ብሎ ሞላ እንበል። አሠልጣኙ አየና ምንም ሳይጠይቀው ቅዳሜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ምን የሚሞላ ይመስላችኋል? 5፣ 5፣ 5። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቡድኑ ልጆች በሙሉ 5 ይሞላሉ። ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ አሠልጣኙ ደስ ይለዋል፤ ከልጆቹ አንዱ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ነው።

አፕ ከምንም የሚብሰው እንዲህ ሲሆን ነው። ድሮ ቢያንስ አሠልጣኙ የልጁን ፊት ያይ ነበር። አሁን ቁጥሩን አየሁ ብሎ ፊቱን ማየት ይተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚህ ላይ ግን ልጁን እንዲደብቅ ያስተማረው አሠራሩ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ወንበር ላይ ማስቀመጥን ሳይሆን አንድ ጥያቄ ማስከተል አለበት፦ «ምን ሆነህ ነው? ምን እናድርግልህ?»

ይሄ ወላጅ ላይም ይሠራል። የልጃችንን ቁጥር አይተን «ለዚህ ነው እንግዲህ ስልክህን ስትነካካ የምታድረው» ብለን ከጀመርን በቃ፣ ሁለተኛ እውነት አናይም።

ከቡድኑ ውጭ ያለ ዓይንም አለ። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕን የተጠቃሚዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክ፣ ለስናፕቻትና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከስሶት ጉዳዩ በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ የስትራቫ የሩጫ ካርታ የወታደር ካምፖችን ቅርፅ በይፋ አሳይቶ ዓለምን አስገርሟል፤ ወታደሮቹ የሮጡበት መንገድ ካርታው ላይ በርቶ ታየ። ወታደር ካልተሸሸገ፣ ብቻዋን በአንድ መንገድ በአንድ ሰዓት የምትሮጥ ሴት ልጃችን እንዴት ትሸሸጋለች? የመነሻና የመድረሻ ቦታን የሚደብቀውን ማስተካከያ ዛሬውኑ አብሩላት።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ሐኪም ቤት ያለውን መረጃ የሚጠብቀው ሕግ አብዛኞቹን ከስቶር የምናወርዳቸውን አፖች አይሸፍንም። አውሮፓ ላላችሁ የተሻለ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የጤና መረጃን ለብቻው አጥብቆ ይጠብቃል፤ የተያዘባችሁን መረጃ ማየትና እንዲጠፋም መጠየቅ ትችላላችሁ።

አሠልጣኙን በትህትና እነዚህን ጠይቁ፦ ቁጥሩን የሚያየው ማን ማን ነው? ለአሰላለፍ ውሳኔ ይጠቅማል ወይ? ልጁ መሙላት ካልፈለገ ምን ይሆናል? ልጁ ቡድኑን ሲለቅ መረጃው ይጠፋል ወይ? ጥሩ አሠልጣኝ በነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም።

«ደህና ነኝ» የሚለው ግድግዳ

እኛ ጋ የተለየ ነገር አለ። «እንዴት ነህ?» ሲሉን አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ቤቱ ቢቃጠልም መልሱ ያው ነው። ይሄ ጨዋነት ነው፤ ምስጋናም ነው። መጠይቅ ላይ ሲመጣ ግን ልጁ ከ5 ላይ 3ን ይመርጣል፤ መሃል ላይ ይደበቃል። ይሉኝታ በቁጥር ሲጻፍ 3 ነው።

ቋንቋውም ይለያያል። ሄድስፔስም ሆነ ካልም አማርኛ የላቸውም። ልጆቻችን ስሜታቸውን በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ተምረውታል፤ እኛ ደግሞ «ጭንቀት» በሚል አንድ ቃል ስንት ነገር እንጠራለን። በሌላ በኩል አማርኛችን ሀብታም ነው። ደበረኝ፣ ከፋኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ሰለቸኝ፣ ፈራሁ፣ ጨነቀኝ፤ እነዚህ አንድ አይደሉም። የደበረው ልጅ ጨዋታ ይፈልጋል፤ የሰለቸው እረፍት፤ የፈራው ልምምድ፤ የከፋው የሚሰማው ሰው። የትኛው እንደሆነ መለየት ከማንኛውም አፕ ይበልጣል።

ስለዚህ በቤታችሁ የራሳችሁን መለኪያ አውጡ። መሃል የሌለው ባለ 4 ይሁን፦ 1 «ከብዶኛል»፣ 2 «ደብሮኛል»፣ 3 «ነቃ ብያለሁ»፣ 4 «እንደ ወፍ ቀሎኛል»። ልጁ መኪና ውስጥ ሲገባ በጣቱ ያሳያችሁ፤ ንግግር አይጠይቅም፣ ይሉኝታም አይነካም። 1 ካሳየ «በርታ» ብላችሁ አትለፉ፤ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ሁኑ፣ ሲፈልግ ያወራል።

በአማርኛ መረጋጋት የሚቀለው አትሌት ደግሞ፣ ከአገር ቤት ለውድድር የመጣም ቢሆን፣ የድምፅ መቅጃውን ይክፈት። በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ቋንቋ 5 ደቂቃ ይቅዳ፦ የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚያሟሙቅበትን፣ መስመሩ ላይ ሲቆም የሚያደርገውን ትንፋሽ፣ ሰው ሲያፈተልክ የሚወስደውን ውሳኔ። ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ለማንም አይላክም።

የሁለት ሳምንት ሙከራ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ከውድድር ዋዜማ አዲስ ነገር አትጀምሩ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀር እንዲህ ይሞከር።

ከቀን 1 እስከ 3፦ ምንም ሳይቀይር ጠዋት ጠዋት ሦስት ነገር ይጻፍ፤ የተኛበት ሰዓት ብዛት፣ ስሜቱ ከ4፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። አፕ ላይም ደብተር ላይም ይሆናል። የኬንያው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እንኳ ልምምዱን በደብተር በመጻፍ ይታወቃል።

ከቀን 4 እስከ 10፦ በቀን አንዴ 5 ደቂቃ የትንፋሽ ልምምድ። በተረጋጋበት ሰዓት ይጀምር፤ ዋና ያልተማረ ሰው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አይማርም።

ከቀን 7 ጀምሮ፦ አንድ «ከሆነ» ዕቅድ ይጨመር። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ሳይኮሎጂስት በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ለምሳሌ «ኳሱን ለፍጹም ቅጣት ሳስቀምጥ ልቤ ከመታ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ፣ የመረጥኩትን ጥግ አልቀይርም»። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የበጋ ውድድር ላይ ለምትጫወቱ ጎልማሶችም ይሠራል።

ከቀን 11 እስከ 14፦ ልምምዱ ወደ ሜዳ ይግባ። ትንፋሹ 1 ደቂቃ ይሁን፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቅር። የአፕ ግቡ በውድድር ሰዓት ሳያስፈልግ መቅረቱ ነው፤ መነሻው መስመር ላይ ስልክ ይዞ የሚቆም የለም።

በ14ኛው ቀን አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ «ያለዚህ ነገር ብሆን ይጎድለኛል?» መልሱ አይ ከሆነ አፑን አጥፉ፤ መለያውንም ዝጉ፣ ክፍያውንም አቁሙ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን አያቆምም።

አፑን ትቶ ወደ ሰው የሚኬድበት ጊዜ

እነዚህን ካያችሁ ቁጥር አትጠብቁ፦ ልጁ ይወደው ከነበረው ስፖርት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲርቅ፤ መብላት ሲያቆም ወይም ክብደቱ ቶሎ ሲቀንስ፤ ከጉዳት በኋላ ራሱን ከሰው ሲያገል፤ ዕቃውን ሲያከፋፍል፤ «ባልኖር ይሻላል» ሲል። ጉዳት ደርሶበት ከሜዳ የወጣ ልጅን በተለይ አስተውሉ፤ ጓደኞቹን፣ ስሙን፣ የቀን ፕሮግራሙን አንድ ላይ ነው የሚያጣው።

ራሱን ስለ ማጥፋት ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። አሜሪካና ካናዳ 988 ይደወላል፤ አሜሪካ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ብሪታኒያና አየርላንድ 116 123፤ ጀርመን 0800 111 0 111። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ አሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112። በገልፍና በሌላ አገር ያላችሁ የአካባቢያችሁን የድንገተኛ ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ በጭንቅ ሰዓት ቁጥር አይፈለግም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አፑን መጫን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ልጁ «2» ብሎ ሲሞላ የማይቆጣ አሠልጣኝ፣ የማያላግጥ ጓደኛ፣ የማይደነግጥ ወላጅ ማግኘት ግን ጊዜ ይፈጃል። ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ውጤቱ ስንት ለስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በጣትህ አሳየኝ» በሉት፤ ያሳያችሁንም አትከራከሩት። ሰላም ሁኑልኝ።